የሰሚራ የጾም ድስት

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በሚባለው የንግድ ሰፈር ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከመጋረጃ ሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሕፃናት መዋያ ነበር። የሐበሻ ነጋዴዎች ልጆቻቸውን ጠዋት አድርሰው ማታ ይወስዳሉ። በመጀመሪያው ቀን የመዋያው ባለቤት አልማዝ ወጥ ቤቱን እያሳየችኝ፣

«እማማ፣ ትምህርት እስከ ስንት ደርሰዋል?» አለችኝ።

«እስከ አራተኛ። ለልጅ ጭልፋ ለመቁጠር ይበቃል» አልኳት።

ሳቀች፤ ቀጠረችኝም። ሃያ ሁለት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ጭልፋ። የባለሱቁም የጉልት ነጋዴዋም ልጅ እኩል ይበላል። ሞግዚቶቹ ለሚወዱት ልጅ ሲደርቡ ካየሁ ጭልፋውን ከእጃቸው እነጥቃለሁ።

ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለሚበላ ሥጋ አይገባም ነበር። በፍስክ ቀን ረፋድ ላይ ሻይ በወተት፣ ምሳ ሽሮ በቅቤ። አልማዝ ጿሚ ስለሆነች ረቡዕና ዓርብ ለሁሉም ጥቁር ሻይና ዘይት የገባበት ሽሮ ነው። የጾም ድስቴ፣ ማማሰያው፣ ጭልፋው፣ የሚታጠብበት ስፖንጅ ሳይቀር ለብቻው ነው። ቅቤ የነካ ማንኪያ እዚያ ድስት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም።

ሰሚራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሐዋ ምድር ቤት መጋረጃ ትሸጣለች። ልጅቷ በመጣች በሳምንቱ ከንፈሯ ያብጥ፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣ ጀመር። ሞግዚቶቹ ዓይን በልቷት ነው አሉ። አልማዝ ግን እከክ ነው ብላ ሐዋን አስጠራቻት።

«ሌሎቹን ታስይዝብኛለች። ቤት ትቆይ።»

«ቤት ማን አለኝ? ሱቁን ዘግቼ ምን ላብላት?»

«የሃያ አንድ እናቶች ጣጣ ግን አለብኝ።»

እኔ እከክ መሆኑ አልዋጥልህ አለኝ። እከክ ቀን አይመርጥም። ይቺ ልጅ ማክሰኞ አብጣ ረቡዕ ደህና ናት። የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመንኩላትና ባበጠች ቁጥር የግድግዳው ካላንደር ላይ ክብ አደረግሁ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ብቆጥር ረቡዕና ዓርብ ላይ አንድም ክብ የለም።

ወደ ሐዋ ወረድኩ። «ቤት ወተት ትጠጣለች?»

«ያስመልሳታል እማማ። ከተውኩት ቆየሁ።»

ካላንደሩን ለአልማዝ ወሰድኩላት። አየችውና ሳቀች። «የሙስሊም ልጅ ጾማችን ተስማማት ሊሉኝ ነው?»

«ፍስኩ ነው ያልተስማማት።»

ሐዋ የሐኪም ቀጠሮ ያዘች። እስከዚያ ሰሚራ በየቀኑ ከጾም ድስት እንድትበላ ተስማማን። ሽፍታዋ ጠፋ።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ነው። ሌሎቹ ቅቤው የሚሸት ሽሮ ተደርጎላቸዋል። ሰሚራ ሳህኗን ገፍታ፣ «ሾሾ፣ የኔስ?» አለች። ናይሮቢ ልጆች አያትን የሚጠሩት እንዲህ ነው። አንጀቴን በላችው። ሃያ አንድ ልጅ የበላውን አንዷን መከልከል ግፍ መሰለኝ። ትንሽ ምን ታደርጋለች ብዬ ከቅቤው ሽሮ አንዲት ጉርሻ በእጄ አጎረስኳት።

ሳህኖቹ ሳይነሱ ፊቷ አበጠ። ትንፋሿ ፉጨት ሆነ። ተሸክሜያት ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ፤ ሐዋ ታክሲ አስቆመች። ክሊኒክ እንደደረስን ወዲያው መርፌ ወጓት።

ሐዋ እጄን ያዘች። «እማማ፣ ምን ሰጧት?»

«ቅቤ» አልኳት። አልዋሸሁም።

«ልጄን ሊገድሏት ነበር!»

ሐኪሟ ኬንያዊት ናት። የእኔ ስዋሂሊ የገበያ ስለሆነ ሐዋ እንባዋን እየጠረገች አስተረጎመችልኝ። የልጅቷ ሰውነት የወተትን ፕሮቲን ጠላት ነው ብሎ ይዋጋል፤ አሌርጂ ይሉታል አለች ሐኪሟ።

«ቅቤው እኮ ተነጥሯል» አልኳት።

«ቢነጠርም ትንሽ ፕሮቲን ይቀራል። ለእሷ ያችው ትበቃታለች።»

«በትንሽ በትንሽ ብትለምደውስ?»

«ቤት ውስጥ በፍጹም። ሲያድጉ የሚተዋቸው ልጆች አሉ፤ እሱን የምንሞክረው ግን እኛ ነን።»

«ወተት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«አንዱን ልጅ እንቁላል፣ ሌላውን ለውዝ፣ ሌላውን ዓሣ።»

«ወደ ሌላ ልጅስ ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ይህችን በወረቀት ጻፊልኝ» አልኳት።

በማግስቱ ወረቀቱን አልማዝ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አንብባ ስትጨርስ፣ «እሺ፣ እከክ አይደለም። ግን ከእንግዲህ እፈራለሁ፤ ትሂድልኝ» አለች።

«ያጠፋሁት እኔ፣ የምትባረረው እሷ? አስወጪ ካልሽ እኔን አስወጪ።»

«እማማ፣ አንድ ልጅ ብዬ በየቀኑ ሁለት ድስት ልጣድ?»

«ለእግዜር ብለን ስንለይ ኖረን የለም እንዴ? ለልጅ መለየት እንዴት ይከብደናል?»

ወረቀቱን እንደገና አነበበች። ከዚያ፣ «ሐዋ ትወስን» አለች።

ሐዋ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን፣ ማማሰያውን፣ ስፖንጁን አንድ በአንድ አየች። «ከዚህ ሌላ አንድ ጉርሻ እንኳ?» አለችኝ።

«አንድም።»

ሰሚራ ትምህርት ቤት እስክትገባ ከእኛ ጋር ቆየች። የጾም ድስቱ ፋሲካም ቢሆን ተጥዶ ዋለ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከስሙ ቀጥዬ የማይስማማውን ምግብ እጠይቅ ነበር።

ወጥ ቤት ለምትገቡ ልጆቼ ያለኝ ይህ ነው። እኔ እኩልነት አንድ ዓይነት ጭልፋ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሁሉም ልጅ በልቶ በደህና ቤቱ ሲገባ ነው።