አጎቴ ያልተቀመጡበት ቀን

ደግ ነገር ሲደረግልኝ እጠረጥራለሁ። ይህ ጠባይ አብሮኝ አልተወለደም፤ ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጌ ለንደን፣ ቶተንሃም ሰፈር ቤቴ ተኝቼ ሳለ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከቤቱ ከኤድመንተን ሾርባ እያመጣ ጠየቀኝ። ስፌቴን በእጄ ደግፌ እስክይዝ ድረስ ያስቀኝ ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ይልና «እማዬ ሰላም በልልኝ ብላለች» ይለኛል። «ደህና ነው፣ አታስቢ በላት» እለዋለሁ። በአሥረኛው ቀን ማለዳ ጥቁር የለበሱ አራት ሰዎች አስከትሎ መጣ። እናታችን የሞተችው ከመጀመሪያው ሾርባ በፊት ነበር።

ደንባችን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። የደንቡን ጥቅም የሚያስረዳ ድርሰት ጻፍ ብትሉኝ እጽፋለሁ። ግን ዘጠኝ ቀን ከሞተች ሴት ሰላምታ ተቀብያለሁ፤ መልስም ልኬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አነጋግሬው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የእናቴ ወንድም ከአዲስ አበባ መጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይጠጋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ያረፉት ወንድሜ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው በሬን አንኳኩ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ሻይ ላፍላ?»

«ይቆየን።»

ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሎኔ መሀል ቆሙ። ያዩኛል፤ አያቸዋለሁ። ለመውጣት የቸኮሉ መሰለኝ።

«የት ልውሰድዎት ታዲያ?»

ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። «እንግዲህ እንዲያ ካልክ የግብፆቹን ድንጋይ አሳየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ኖሬ፣ ዕቃው እዚህ ነው ያለው ይላሉ።»

ባቡር ውስጥ አንዲት ወጣት ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ተባረኪ» አሏት በአማርኛ፤ አልተቀመጡም። ሌላም ሰው አልተቀመጠበትም፤ ወንበሩ ባዶውን መሀል ከተማ ደረሰ። ያኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከወንድሜ ቤት መጥተው ስሙን አላነሡም። ሰላምታ የሚያመጣ ሰው ያስጠረጥረኛል፤ የማያመጣ ግን የባሰ ነው።

የግብፆቹ ዕቃ ያለበት ሙዚየም በር ላይ ቦርሳችንን ፈተሹን። «የሚፈትሹት ስንገባ ብቻ ነው?» አሉ አጎቴ። ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የቀይ ድንጋይ ክንድ ፊት ቆምን፤ ጣቶቹ ተጨብጠዋል።

«የቀረው ሰውነቱ የት ሄደ?»

«እሱን የሚያውቅ የለም።»

«እጁን እንደጨበጠ ቀረ በለኛ። የማውቀውን ሰው ይመስላል።»

አለፍኩት። የአገሬ ሰው እዚህ ሲመጣ «የተዘረፉት ዕቃዎች ይመለሱ!» ይላል። እኔ ባሉበት ይቆዩ ባይ ነኝ፤ የሌባ ቤት የሚጠበቀውን ያህል የባለቤት ቤት አይጠበቅም። ይህን ስነግራቸው «አንተ ልጅ፣ ከሰው ጋር የምትስማማበት ቀን መቼ ይሆን?» አሉኝ። አሁንም አለፍኩት።

ፎቅ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ አለ። አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አልቀበሩትም?»

«ቀብረውት ነበር። አወጡት።»

«መውጣቱን ታዲያ ለዘመዶቹ ማን አረዳ?»

አረዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ወደ ሣጥኑ መለሱ። አጠገባችን አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እሳቸው ግድግዳውን ተደገፉ። ሳንድዊች ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ «ይቆየን» አሉ። ጾም እንዳይባል ቅዳሜ ነው።

ከዚያ ስልካቸው ጠራ። አንድ አንገት የሌለው ንጉሥ ጀርባ ሄደው ቆሙ፤ ድንጋዩ ድምፅ እንደማይከልል አላወቁም።

«አልነገርኩትም... ቆሜ ነው እንጂ! እህል የሚባል አልቀመስኩም... እሱ መች ጠየቀኝ? በገዛ ራሴ ልጀምረው እንዴ?»

ደመርኩት። አይበሉም፤ አይቀመጡም፤ ያልነገሩኝ ነገር አለ። ወንድሜ ሞቷል፤ የምትደውለው ሚስቱ ናት። ሳሎኔ ውስጥ ሊያረዱኝ መጥተው፣ ብቻዬን ሲያገኙኝ ፈሩ። ሽርሽሩ፣ ቀልዱ፣ ሁሉም ሾርባ ነበር።

መጠየቅ እችል ነበር። ግን እስካልጠየቅኩ ድረስ አልሞተም። ስለዚህ ሲመለሱ ፈገግ አልኩና «ሌላም አለ ጋሼ። ወንዙ ዳር የቆመ የግብፆች ሐውልት አለ፤ በእግራችን እንሂድ» አልኳቸው።

የቅዳሜ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። በሮዝ ፀጉራም ጨርቅ የተሸፈኑ ባለሦስት እግር ብስክሌቶች ሙዚቃ እያስጮኹ ቱሪስት ይጭናሉ። አጎቴ እያነከሱ፣ እኔ ስለ ሕንፃዎቹ እየለፈለፍኩ ወረድን። ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። አሳቅኳቸውም።

ሐውልቱ ቴምዝ ዳር ቆሟል። በግራና በቀኙ ሁለት የነሐስ ስፊንክሶች፣ የሰው ራስ ያላቸው አንበሶች፣ ተኝተዋል፤ ጎናቸው በጦርነት ጊዜ በወደቀ ቦምብ ተበሳስቷል። ፊታቸው ወደ መንገደኛው ሳይሆን ወደ ሐውልቱ ነው።

«ዘበኛ እንዴት ወደ ዕቃው ዞሮ ይተኛል?» አሉ።

«ሌባው ውስጥ ነው ብለው ጠርጥረው ይሆናል።»

አልሳቁም። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በሱሪያቸው ላይ ይታያል። አጠገባችን ክንዱ በብረት ግመል የተሠራ አግዳሚ ወንበር አለ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

«እንዴት አይቀመጡም! ምን ጉዳይ ይዘው ነው የመጡት? ወንድሜ ሞቷል? ይንገሩኝ!»

«ተመስገን!» አሉ አጎቴ።

አንድ አላፊ መንገደኛ ዞሮ አየን።

«ወንድምህ ምን ይሆናል? እንደ በሬ ጤነኛ ነው። ምን ጉዳይ ይዘው መጡ አልከኝ፤ ይህችን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቃት! ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ደንቡ ሦስት ሰው ነበር፤ ሁለቱን ቪዛ ከለከሏቸው።»

ደንቡን አውቀው ነበር። ለዕርቅ የተላከ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ጉዳዩን ጠይቆ፣ ሰምቶ እሺ እስኪለው አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። በልጅነቴ አባቴ ቤት ሲሆን አይቻለሁ። ግን ለንደን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ቆሞ የማየው ሰው ሁሉ ወረፋ የያዘ ይመስለኛል።

«ዘጠኝ ቀን ዋሽቼዋለሁ ይላል» አሉ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደንብ ነው ብሎ አልተከራከረኝም። በድያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ ነው ያለው። አንተስ ምን ትላለህ?»

መልስ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሰማምረው ነው የኖርኩት። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት ወንድሜ ሞቷል ብዬ አምኜ፣ ምንም ሳልል ለአንድ ሽማግሌ ከተማ ሳስጎበኝ ነበር። እየቀለድኩም ነበር። ያሰማመርኩትን መልስ ተውኩት።

«ይቀመጡ ጋሼ» አልኩ።

«እንደ ጠዋቱ ነው?»

«አይደለም። እሺ ብያለሁ።»

የግመሉን አንገት ይዘው በዝግታ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን እያሹ «ያን ሳንድዊች ወዲህ በል» አሉኝ። አፋቸው ሲሞላ ስልኩ ጠራ። እያላመጡ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ተቀመጡ?» አለ ወንድሜ። የደወለው ለሳቸው መስሎታል።

«ተቀምጠዋል» አልኩት።

ድምፄን ለየው። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ የት እንዳለን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ አለ። መንገድ ላይ ነኝ የሚል ሀበሻ ገና ጫማውን እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኤድመንተን ደግሞ ሩቅ ነው። አጎቴን አላስነሣኋቸውም። ከጎናቸው ተቀመጥኩና አብረን ጠበቅነው።