እስከ ተሳሳተው ስፌት ድረስ

ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣችው? ልጇ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ያገላብጠዋል።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ኖራ፣ አምና ቀኝ ጉልበቷ ከዳትና በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። ከዚያ ወዲህ ልጆቿ "በቃሽ፣ ዕረፊ" እያሉ ለመኪናዋ ገዢ ፈልገው አገኙ። እሷ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ ልጇ፣ ተስፋ ትቆርጥ እንደሆነ ብሎ፣ "ከከተማው ጫፍ ያለውን የጥብቅ ደን መንገድ ሙሉውን በእግርሽ ከዞርሽ አይሸጥም" አላት።

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

እሑድ ጠዋት የደኑ ጥበቃ ምርኩዟን አይቶ ፈገግ አለ። "አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እኔ ዶሮዋ ነኝ ልጄ፤ እንቁላሉ ከኋላዬ እየመጣልህ ነው" ብላ ልጇን በአገጯ አሳየችው።

መንገዱ ቀላል ነበር፤ በግንዶቹ ላይ የተቀባውን ቢጫ ምልክት እየተከተሉ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ዞሮ በዚያው በር መመለስ። እሷ በየዛፉ እየቆመች ቅርፊቱን እንደ ጨርቅ ትዳብሳለች። "ይሄ ሻካራ ነው፣ ገበር ይፈልጋል።" ስለ መኪናው ሲጨቃጨቁ መታጠፊያው አመለጣቸው። ቁልቁል ወርደው ወርደው ከወንዝ ዳር ደረሱ። ከትንሿ ድልድይ ማዶ የበሩ ጣሪያ ይታያል።

እናቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ግንባሯ በላብ ርሷል። ልጇ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"በዚህ ከተሻገርን አሥር ደቂቃ ነው እማዬ። እንደ ዞርሽ ልቁጠርልሽ።"

"ኮረብታውን ወጥተናል?"

"አልወጣንም። ግን ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ! ስፌት ሲሳሳትብኝ ምን አደርጋለሁ?"

በመኪናዋ ሥር እየዳኸ ያደገ ልጅ ይህን አያጣውም። "ትተረትሪዋለሽ።"

"እስከ የት?"

"እስከ ተሳሳተው ድረስ።"

"ታዲያ ምን ይጎልትሃል?"

የወረዱትን ሁሉ መልሰው ወጡ። ከመታጠፊያው ስትደርስ ቢጫውን ምልክት በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ሽቅብ ተያያዘችው። ልጇ ሁለት ጊዜ "ልዘልሽ" አላት።

"ጀርባህን ለልጆችህ አቆየው!"

ከኮረብታው አናት ነፋሱ ነጠላዋን አውለበለበው። ከተማው ከታች ተዘርግቷል። ከጣሪያዎቹ መካከል የራሷን ለይታ ምርኩዟን ወደ ሰማይ አነሣች። "ያውና መስኮቴ!" ድምፅዋ ወፎቹን ከዛፍ አስነሣ። ልጇ እዚያው ቆሞ ለገዢው ስልክ ደወለና ሽያጩ መቅረቱን ነገረው።

ከበሩ ሲደርሱ ጥበቃው ተጨንቆ ነበር። "ምነው ዘገያችሁ?"

"ትንሽ የሚተረተር ነበረን" አለችው።

ቤት እንደ ገባች መኪናዋ ዘንድ ተቀምጣ በቀኝ እግሯ ረገጠችው። መዘውሩ ዞረ። አንዴ ሣቀችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ዶሮ ቆጥ በሚወጣበት ሰዓት፣ ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።