በማርያም ቀን የሸከሸክሁት ገብስ

ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጥ አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ መጣል አለባት። ከተሳሳቱ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፤ ጣትም ይቀጠቀጣል። እኔና እናቴ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተጋጨንም። ከበቆጂ የሚመጣውን ገብስ ውሃ አርከፍክፈን፣ ቅርፊቱ እስኪለቅ ሸክሽከን፣ ለቅንጬ ለሚፈልጉት የአሰላ ሰዎች በክፍያ እንሰጥ ነበር። ኑሯችን ይኸው ነበር።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁት በችግር ብቻ አይደለም። አስተማሪው ሲጠራኝ ድምፄ አይወጣም ነበር። ቆሜ እቀራለሁ፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ሙቀጫው ዘንድ ግን ተናገሪ የሚለኝ የለም። እናቴ ትጥላለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ከሌላ ሰው ጋር እንደዚያ ተነጋግሬ አላውቅም።

ቀኑን የምትይዘውም እሷ ነበረች። በበዓል ዋዜማ አመሻሹ ላይ «ነገ ሚካኤል ነው» ብላ ሙቀጫውን ትደፋዋለች። የተደፋ ሙቀጫ ካየሁ ነገ እንደማይወቀጥ አውቃለሁ። እኔ ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

በሰኔ፣ አንድ ጠዋት፣ ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተዘጋ። ጠበሉም ሐኪሙም አልመለሳትም። መደቡ ላይ አስተኝቻት ብቻዬን መውቀጥ ጀመርሁ። ለብቻ ሲወቀጥ ድምፁ ያስጠላል፤ ዱም ይልና ባዶ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን በባዶው መካከል «ኳ» የሚል ሰማሁ። ዞር ስል በግራ እጇ አንጓ ምሰሶውን ትመታለች፤ ልክ እኔ ዘነዘናዬን ሳነሳ። አለቀስሁ፤ ግን አላቆምሁም። ዱም፣ ኳ። ዱም፣ ኳ። ከዚያ ወዲያ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺ ኳ እንዳትቀርብኝ።

ሐምሌ ገባ። ጭጋጉ ደጃችን ድረስ ወርዶ ጠዋቱ ከከሰዓቱ አይለይም። ሙቀጫውን የሚደፋው የለም። ሁሉንም ቀን አንድ አድርጌ ወቀጥሁት።

አንድ ጠዋት ዱም ባልሁ ጊዜ መልስ አጣሁ። ቦታዋን ትቼላት ጠበቅሁ። ዞሬ አየኋት። እጇ ደረቷ ላይ ነው፤ ዓይኗ ተገልጦ እኔን ያያል።

«እማዬ፣ ምነው?»

እሷም ተወችኝ ብዬ ንዴት ያዘኝ። ቦታዋን ሳልተውላት ጥድፍ ጥድፍ አድርጌ ወቀጥሁ። በዚህ መሃል ከጎናችን ያሉት ቅቤ ነጋዴ ሻሻቸው በዝናብ ርሶ እየሮጡ ገቡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ምን ሆናችሁ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ ኦሮምኛቸው ይቀድማል።

«ምንም አልሆንንም።»

«ታዲያ ዛሬ የእናንተ ማርያም አይደለችም እንዴ? እኔ እስላሟ ሃያ አንድን የማውቀው በእናንተ ሙቀጫ ዝምታ ነው! ዛሬ ስትደልቂ ብሰማ ልጅቱ አበደች ብዬ ቅቤዬን ገልጬ መጣሁ። ይኸኔ ድመቷ ሠርግ ላይ ናት!»

«አላወቅሁም» አልሁ። ዘነዘናውን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ወደ እናቴ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷስ አውቃለች። እጇን እዪ፤ በዓሏን እያከበረች ነው።»

የእናቴን እጅ ሳምሁ። ሙቀጫውን ደፋሁት። ሲመሽ «ነገ ሃያ ሁለት ነው እማዬ፤ እንወቅጣለን» አልኋት፣ በዚያን ወር ያልወጣኝን ድምፅ አውጥቼ።

በነጋታው ሙቀጫውን አቀናሁ። ዱም። ጠበቅሁ። ዱም። ጠበቅሁ። ሄጄ እጇን አንስቼ ምሰሶው ላይ አደረግሁት፤ ተንሸራቶ ወረደ። እስከ ፍልሰታ ቆየች፤ አንድም ጊዜ አልመታችም።

የማርያም ዕለት ዝም ያለችው በዓሏን አክብራ ይሁን ወይስ እጇ ያኔውኑ ከድቷት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረቤታችን አክብራ ነው ይላሉ። እኔ ግን ዓይኗን አይቻለሁ። አንዳንድ ቀን ሳስበው «አቁሚ» ይለኛል፤ ብዙውን ቀን ደግሞ «እጄን አንሺልኝ»። እኔ ያኔ ጀርባዬን ሰጥቻት እወቅጥ ነበር።

አሁን ቀኑን ራሴ እቆጥራለሁ፤ በዋዜማው ሙቀጫውን እደፋለሁ። ገብስ የሚያመጡት ሴቶች «ምነው እንዲህ ዘገየሽ?» ይሉኛል። አንዴ ጥዬ ቦታዋን እተዋለሁ፤ ያቺ ኳ ስትቀር ደግሜ እጥላለሁ።