አያቴ ያልጨረሱት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ባለችው መንደራችን፣ ተረት የምንማረው እንደ ዳዊት ነበር። አያቴ ቄስ ናቸው። ከሠርክ ጸሎት መልስ ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና ፍሙን ቆስቆስ አድርገው ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ እኔንና የአክስቴን ልጅ ይታየውን በየተራ ያስደግሙናል። አንዲት ቃል ከሳትን «ከመጀመሪያው!» ነው። ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስጠኑን እንደዚያው ስለነበር፣ ያኔ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ የአማርኛ መምህርታችን በየቀኑ ግማሽ ገጽ የቤት ሥራ ሰጡን። «ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን ጻፉ። በየቀኑ የማይጽፍ እጅ ይዝጋል» አሉን። እኔ ደስ አለኝ፤ ተረት ሞልቶኝ የለ! ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የአያቴን ተረት ቃል ሳልስት ገለበጥሁ። ይታየውም በቤቱ ያንኑ ያደርግ ኖሯል።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተር ተሰበሰበ።

«ማነው የኮረጀው?» አሉ መምህርቷ የሁለታችንን ጎን ለጎን ይዘው።

«ማንም አልኮረጀም፣ ቲቸር» አለ ይታየው። «ተረቱ ራሱ እንደዚህ ነው።»

«ሁሉም? ቃል በቃል?»

«አንድ ቃል ከሳትንማ አያታችን ከመጀመሪያው ያስደግሙናል!»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህርቷ ግን አልሳቁም። «ሰኞ የየራሳችሁን ይዛችሁ ካልመጣችሁ ወላጅ ታመጣላችሁ።»

የእኔ ወላጅ አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ «አንድ ቀን ስለ አንተ ከተጠራሁ ትምህርቱ ይቀርና እርፍ ትጨብጣለህ» ብሎኛል። የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

አርብ ማታ ሁሉንም ለአያቴ ነገርኋቸው። «ቃል መጨመር ኃጢአት አይደለም ወይ፣ አባባ?»

ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ቅዳሴ ላይ ብትጨምር እኔው ራሴ በመቋሚያ እልህ ነበር» አሉ። «ጅብ ላይ ብትጨምር ግን ማን ይከስሃል? ጅቡ?»

ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ተረት ጀመሩ። አንዲት ባልቴት ታመመች። ጸበል ልትሄድ ብትል አንዲት ፍየሏን የሚጠብቅላት አጣች። ጎረቤቱ ሁሉ እንቢ ቢላት ጅብን ለመነችው፤ ጅቡም በእግዜር ስም ማለላት። መሸ። ጅቡ ራበው። ዞር ብሎ ፍየሏን አየና...

አያቴ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ልተኛ ነው። አንተ ጨርሰው።»

ቅዳሜ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሆዴ እየጮኸ፣ ማዕዱ እስኪባረክ ድረስ ዓይኔን ከሌማቱ ላይ አንስቼ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ያኔ ጅቡ ታየኝ። «ጅቡ ዓይኑ እንዳይፈትነው ጀርባውን ለፍየሏ ሰጠ፤ እስኪነጋም በረሃብ እየተንቀጠቀጠ ተቀመጠ» ብዬ ጻፍሁ።

ሰኞ መምህርቷ አነበቡና ቀና አሉ። «ይህንን ማን ነገረህ?»

«ማንም» አልሁ።

ደብተሩን መለሱልኝና «ነገም ግማሽ ገጽ» አሉ። ይታየውም ስለ አህያቸው ተንኮል ጽፎ ተረፈ። አባቴ አልተጠራም።

ማታ ለአያቴ ሳነብላቸው «የእኔው ጅብ በልቷት ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ተረት ጨርሰውልኝ አያውቁም፤ ዓመቱን ሙሉ እርሳቸው ይጀምራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በሰኔ ማኅበር እኛ ቤት ሲጠጣ ለእንግዶቹ የጅቡን ተረት ማውራት ጀመሩ። ሲበላት ልሰማ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን «ጅቡ ዓይኑ እንዳይፈትነው ጀርባውን ለፍየሏ ሰጠ» አሉ፤ የጻፍሁትን አንዲት ቃል ሳይስቱ ጨረሱት። ማን እንደጻፈው አልተናገሩም። እኔም ጠላ ከምቀዳበት ጥግ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልሁም።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ አባቴ ሲታመም እርፉን ጨበጥሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተራብንም። ደብተሮቼን አይጥ በላቸው። አሁን ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ማታ ማታ «አባዬ፣ ምን ልጻፍ?» ትለኛለች። እጀምርላታለሁ። ብዕሩን እያኘከች ስትጨነቅ ሳይ ፍጻሜው አፌ ላይ ይመጣል። ያኔ አያቴ ፍጻሜውን ሳይነግሩኝ ዝም ማለታቸው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን በየማታው «ጌታ ሆይ፣ አፌን ጠብቅልኝ» እያልሁ ነው የምችለው።