ከክብር ሰሌዳው ሥር የሰማሁት

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ቦታው ሆላንድ፣ ዙይድ የሚባለው የሮተርዳም ደቡብ ክፍል፣ ከሜትሮ ጣቢያው ጀርባ ያለች አንዲት የታፔላ ወርክሾፕ ነበረች። የላከኝ ኡይትዘንድቢሮ ነው፤ ለቀጣሪ ሠራተኛ በጊዜያዊነት የሚያቀርብ ቢሮ። ባለቤቱ ሜኔር ኮር ይባላሉ፤ ሜኔር እንደ እኛ 'አቶ' ነው። ቁመታቸው በሩን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ከጥፍራቸው ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምን ትችላለህ?" አሉኝ።

እኔ አዲስ አበባ ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት በታፔላ ጽሕፈት ነው። የፋርማሲ፣ የልብስ ስፌት፣ የሆቴል፣ የጥርስ ሐኪም ታፔላ ጽፌአለሁ። በአማርኛውም በላቲኑም ፊደል እጄ የታወቀ ነበር። ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ "ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" አልኳቸው።

አገር ቤት ቢሆን "ኧረ ተው፣ እስቲ ይህን ጻፍ" ብሎ የሚገፋፋኝ አይጠፋም ነበር። ሜኔር ኮር ግን ሆላንዳዊ ናቸው፤ "ትንሽ" ያላቸውን ሰው ትንሽ ብለው ይቀበሉታል። ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና ሳንቃ እንዳለሰልስ አዘዙኝ። ከሰዓት በኋላ ብሩሻቸውን በአኳራጅ አጠብኩ። ብርዱም ሙቀቱም በዚሁ አለፈ።

ባለቤቴ ሰብለ ያኔ ዴን ሐግ ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ማታ ቤት ስንገናኝ አኳራጁ ይሸታታል።

"ቆይ፣ 'እችላለሁ' ብትል ምላስህ ይቆረጣል?" ትለኛለች።

"ሰው አይቶ ይመስክር እንጂ፣ እኔ ስለ ራሴ ምን ብዬ ላውራ?"

"እሺ ጌታዬ፣ እንግዲያው ብሩሽህን እጠብ!"

ብሩሽ ይዤ የጻፍኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የዕቃ ጀልባ ባለቤት መጥቶ የጀልባውን ስም ዛሬውኑ ጻፉልኝ አለ። የሜኔር ኮር ወገብ በዚያው ጠዋት ተይዞ ከወንበር መነሳት አልቻሉም። "ከፈቀዱልኝ ልሞክር" አልኩና ጀልባው ወደቆመበት ወንዝ ወረድኩ። ስሙን ጽፌ ስጨርስ ሜኔር ኮር በጀልባው ባለቤት መኪና ተጭነው መጡ። የላቲኑን ኤስ ፊደል ሆድ ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ደስ ይላቸዋል ስል ተቆጡ።

"ትንሽ የምትለው ይህንን ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ብሩሽ ያጠብከው ለምንድን ነው?"

በማግስቱ ጸሐፊ ሆንኩ። በዚያች ወርክሾፕ ደረጃው አጣቢ፣ አለስላሽ፣ ቀቢ፣ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ቀቢነቱን ዘልዬ አለፍኩት።

ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። መጀመሪያ ቦታውን ትለካለህ። ክር ጠመኔ ቀብተህ ወጥረህ ትለቀዋለህ፤ ቀጥ ያለ መስመር ይተውልሃል። በውሃ ልክ ታረጋግጣለህ። ከዚያ ፊደሎቹን በጠመኔ ታከፋፍላለህ፤ ይህ በማስመሪያ አይሆንም፣ በዓይን ነው። ክቡ ኦ ከመስመሩ ከላይም ከታችም ትንሽ ማለፍ አለበት፤ እኩል ካደረግከው ከጎረቤቶቹ ያነሰ ይመስላል። ክንድህን መደገፊያ ዱላው ላይ ታሳርፍና ትንፋሽህን ይዘህ ትስባለህ። መሐል ላይ ካቆምክ ይታያል።

ዓመት በዓመት የሚታደስ ኮንትራክት ይዤ እንዲህ ስሠራ ቆየሁ። ከዚያ ማሽኑ መጣ። ከተለጣፊ ፕላስቲክ ፊደል የሚቆርጥ፣ ጠረጴዛ የሚያክል ማሽን ነው። ሜኔር ኮር እንደ አራስ ልጅ ጎንበስ እያሉ ያዩታል። እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን እሱ ሻይ እስኪፈላ ይቆርጠዋል።

"ታደሰ፣ ከእንግዲህ የእጅ ጽሑፍ የሚፈልግ ስንት ሰው አለ?" አሉኝ። ኮንትራክቴ የሚያበቃው ቅጠል ሲረግፍ ነበር። "የቤዝቦል ክለቡን ሥራ ጨርስና እንነጋገራለን።"

ያቺ "እንነጋገራለን" እንቅልፍ ነሳችኝ። ሥራ ማጣት ማለት ወደ ኡይትኬሪንግ፣ ወደ መንግሥት ድጎማ መመለስ ነበር። ከዚያም በላይ፣ እጄ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ፈራሁ። ሰብለ ግን "አንተ ካልተናገርክ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?" ብላ ራት ማቅረቧን ቀጠለች።

ክለቡ እዚያው ዙይድ ውስጥ ነው። ለክለቡ ታላላቅ ሰዎች የክብር ሰሌዳ ይፈልጋሉ፤ ሰሌዳው ደግሞ የክበባቸው ቤት የውጭ የእንጨት ግድግዳ ራሱ ነው። ሳንቃው ያረጀና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ተለጣፊ ፊደል አይዝለትም። ሰባቱን ስሞች ኮሚቴው መርጧል። ስምንተኛውን ደጋፊዎች ቅዳሜ ተሰብስበው ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ አንድ ስም ይጨመራል። እኔ መሰላሌን አቁሜ ሰባቱን መጻፍ ጀመርኩ፣ ደጋፊዎቹ ከመሰላሉ ሥር ወንበር ዘርግተው ክርክር ጀመሩ።

ስለ ቤዝቦል የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ያስተማሩኝ ዊም የሚባሉ የወደብ ክሬን ነጂ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ወርዋሪው መሐል ሜዳ ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ይወረውራል። መቺው በዱላ ሊመታው ይሞክራል። ቀላቢው ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ያለፈውን ይቀልባል። ክርክሩ በአንድ ወርዋሪና በአንድ ቀላቢ መካከል ነበር።

ቀላቢው ሄንክ ያለፈው ክረምት ነው የሞተው። የዊም ሰው እሱ ነው። "ሄንክ አንድም ቀን ክለብ አልቀየረም! ያልተሰበረ ጣት አልነበረውም። ዝናብ ሲጥል ተንበርክኮ ሜዳውን የሚያደርቅ እሱ ነበር። ያንተ ኤድሰን ግን አምስተርዳም ጠራው፣ ሄደ። ሄዶም መጥቶ እኛኑ አሸነፈን!" ይላሉ ወደ እኔ ወደ ላይ እያዩ፣ ኤድሰንን እኔ የወለድኩት ይመስል።

ወርዋሪው ኤድሰን የኩራሳው፣ የካሪቢያኗ ደሴት፣ ሰው ነው። ጠበቃው የክበቡን ቡናና ቢራ የምትሸጠው ሪያ ናት። "ከሊጉ ልንወርድ ስንል ማን ተመልሶ መጣ? ትከሻው እያመመው ማን ወረወረ? ዊም፣ ታማኝነት ጥሩ ነው፣ ግን በታማኝነት ነጥብ አይቆጠርም!" ትላለች ፎጣዋን እያወዛወዘች። "ሄንክ ደግሞ አይቸኩልም። ኤድሰን በሕይወት አለ፣ ዓይኑ እያየ ይጻፍለት።"

ይህ የመጨረሻው ነገር ገረመኝ። እኛ ዘንድ ሰው ጠግቦ የሚመሰገነው ለቅሶው ላይ ነው።

እኔንም አልተዉኝም። ዊም ለስምንተኛው ስም በጠመኔ ያሰመርኩትን ቦታ በክንዳቸው ለክተው "ይሄ ቦታ ለሄንክ ሰፋ፤ አንተ የሪያ ወገን ነህ" ብለው ጠረጠሩኝ። ሪያ በበኩሏ ያለ ስኳር የጠየቅኳትን ቡና በሁለት ስኳር ሰጥታኝ "ለኤድሰን እንዳታጠብበት" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትራም ነጂ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጥቶ ከወንበሮቹ ኋላ ቆመ። ሪያ እጇን አነሳችለት፤ ኤድሰን ነበር። ክርክሩ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመም! ዊም ዞር ብለው አዩትና እዚያው ካቆሙበት ቀጠሉ፦ ጥሎን ሄደ፣ ገንዘብ አሳሳተው፣ ሲመለስም ክንዱ ግማሽ ክንድ ነበር። ሰውየው ደረቱ ላይ እጁን አጣምሮ ያዳምጣል። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ፊቴ ጋለ። ሰው ፊቱ ላይ እንዲህ ይወራበታል? ብሩሹ እጄ ላይ ሊደርቅ ደረሰ። አልቻልኩም፣ ወረድኩ።

"ይቅርታ፣ ሰውየው እኮ እዚሁ ቆሟል!" አልኩ።

ዊም ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። ኤድሰን ሳቀ።

"ተዋቸው ወዳጄ" አለኝ። "ቀኑን ሙሉ ትራም ስነዳ ስለ እኔ የሚያወራ አንድ ሰው የለም። እዚህ ግን ስለ ትከሻዬ ይጣሉልኛል። የሚያሳዝነኝ ዝም ያሉ ቀን ነው።"

ያጠፋሁትን ለማለሳለስ "አንተስ ለማን ትላለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሄንክ እያለ እኔ ማን ነኝና" እንደሚል አልተጠራጠርኩም። የእኛ ሰው ቢሆን ሌላ መልስ የለውማ።

"ለራሴ ነዋ!" አለ። "ጥሩ ወርዋሪ ነበርኩ። ሄጄ ነበር፣ ዊም እውነቱን ነው። ተመልሼም በታመመ ትከሻ ጥሩ ወረወርኩ። ለሄንክም ይገባዋል፤ የእኔ ድምፅ ግን ለእኔ ነው።"

ዊም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ይህንንስ በደንብ ተናገርክ" አሉትና ወንበር ሳቡለት። ከዚያ ሪያም ተጨምራ ሦስቱም አንድ ላይ ይከራከሩ ጀመር።

መጀመሪያ አፈርኩለት። በሜትሮ ወደ ቤት ስመለስ ግን ቀናሁበት። ሰውየው አልጎረረም፣ ሌላውን አላሳነሰም፤ የሠራውን ብቻ ነው የተናገረው። እኔ ያንን በዚያ ሰኞ ጠዋት አልቻልኩትም ነበር።

ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ክበቡ ሞላ። ሰባቱ ስሞች ተጽፈው አልቀዋል፤ እኔ ስምንተኛውን ልጠብቅ ብሩሼን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ኤድሰን ተነስቶ ያንኑ የነገረኝን፣ በዚያው ድምፅ ደገመው። ከዚያ እጅ ተቆጠረ። ለራሱ ሲያነሳ አየሁት፣ ቀጥ አድርጎ ነው ያነሳው። በጥቂት እጅ ሄንክ አሸነፈ።

አሁን ጥሎ ይወጣል፣ ሁለተኛም እዚህ አይደርስም ብዬ ጠበቅኩ። በእኛ ቢሆን ሽማግሌ መላክ የሚያስፈልገው ነገር ነበር። ኤድሰን ግን ለሄንክ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ ከዚያ ቢራውን ይዞ ዊም አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። "በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ" ሲላቸው ሰማሁ። "ያኔ እጄን አነሳልህ ይሆናል" አሉት ዊም።

የሄንክን ስም በዚያው ከሰዓት ጻፍኩ። ዊም ከመሰላሉ ሥር ቆመው ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ እያሉ መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር። ፀሐይ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ወርክሾፕ ስገባ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ገባሁ።

"ሜኔር ኮር፣ እንነጋገር ብለውኝ ነበር።"

"እርስዎ አትበለኝ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ! አዎ፣ ተቀመጥ።"

አልተቀመጥኩም። "እኔ ጥሩ ጸሐፊ ነኝ" አልኩ። በሕይወቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጆሮዬ ጋለ። "ትንሽ ትንሽ አይደለም፣ በደንብ እችላለሁ። ማሽኑ ጡብ ላይ አይለጥፍም፣ አሮጌ ሳንቃ ላይ አይለጥፍም። የጀልባ ሰዎች አሁንም በብሩሽ የተጻፈ ነው የሚፈልጉት። ያንን ሁሉ ለእኔ ይስጡኝ። ማሽኑንም ያስተምሩኝ፤ ፊደል ማራራቅ እኔ ከእሱ የተሻለ አውቃለሁ። ኮንትራክቱም ቋሚ ይሁንልኝ።"

ሜኔር ኮር ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡ። "ስድስት ወር ልሰጥህ አስቤ ነበር" አሉ።

"ቋሚ" አልኩ።

"ማነው እንዲህ መናገር ያስተማረህ?"

"አንድ ኳስ ወርዋሪ።"

ሳቁ። ከዚያ ማሽኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "የክለቡን ግድግዳ ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ" አሉ። "እሺ። ቋሚ ይሁን። ግን ማሽኑን ዛሬውኑ ትጀምራለህ።"

ማታ ለሰብለ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ያልኩትን ቃል በቃል አስደገመችኝ። "በደንብ እችላለሁ" የምትለዋ ጋ ስደርስ "እስቲ እንደገና በላት" አለችና እልል አለች። ጎረቤት ግድግዳውን መታብን።

በዓመቱ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ክለቡ ደወለ። ኤድሰን ተመርጧል። መሰላሌን ያቆምኩት ከሄንክ ስም ሥር ነው። ኤድሰን ከሥራ በዩኒፎርሙ መጥቶ፣ እኔ ሳልጠይቀው መሰላሉን ግራና ቀኝ ይዞ ቆመ። ዊም ወንበራቸው ላይ ሆነው ኦዋ ከመስመር አልፋለች ብለው ወቀሱኝ፤ ለምን እንደምታልፍ አስረዳኋቸው። የመጨረሻውን ፊደል ስቤ ስወርድ ኤድሰን ወደ ላይ አንጋጦ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

"እንዴት ነው?" አለኝ፣ ስሙን እየጠቆመ።

"ጥሩ አድርጌ ጽፌዋለሁ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ በብሩሽም በማሽንም ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ ሜኔር ኮር ጡረታ ሲወጡ ወርክሾፑን የምመራው እኔ ሆንኩ። ለወጣቶቹ ከሙያው የማወርሰው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ምን ትችላለህ ሲሉህ የምትችለውን ተናገር፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። አዲስ ሰው ሲመጣ እኔም ያንኑ እጠይቃለሁ። የአገሬ ልጅ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ እጠይቀዋለሁ።