ሙሴ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ

ምሳዋን ከወንዶች እኩል ተቀምጣ በመብላቷ ስሟ የጠፋ ሴት መቱ ውስጥ ካለች እኔ ነኝ። እንኳንም ጠፋ እላለሁ፣ ዛሬም።

ቤቱ የአንድ ጣሊያናዊ ነበር። ጦሩ ከአገር ሲወጣ እሱ ቀረ፤ መንገድ ሲያሠራ የነበረ ሰው ነው ይባላል። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ያላት የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ምግብ መሸጥ ጀመረ። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም እንደማንኛውም ፈረንጅ ሙሴ ነበር የሚለው። ወንድ ሆኖ ወጥ ቤት መዋሉ መጀመሪያ ላይ የከተማው መሳቂያ አድርጎት ነበር አሉ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ሳቁ ቀርቶ ቦታ ለማግኘት መጋፋት ተጀምሯል። በዚያ ማብቂያ በሌለው የኢሉባቦር ዝናብ፣ ጭቃን በረንዳው ላይ አራግፎ ወደ ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ደስታ ነበር። ስጎው ይንተከተካል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያውዳል፣ ዳቦው ከፉርኖ እንደወጣ ይቀርባል። ስፓጌቲውን በሹካ መጠቅለል ያቃተው ገበሬ በእጁ ቢበላ ሙሴ አይከፋውም፤ እንዲያውም ፎርማጆ ይጨምርለታል።

ሙሴን ሁላችንም አንተ እንለዋለን፤ ሚስቱን ግን እትዬ ነበር የምንላቸው። ከሶር ወንዝ ማዶ የመጡ ናቸው፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ አዳራሹን የሚገዙት እሳቸው ነበሩ። ከአዳራሹ ጀርባ መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል አለች። ሴት ከመጣች፣ ያውም የጨዋ ልጅ ከሆነች፣ የምትበላው እዚያ ነው። ለክብሯ ነው ይባላል። እኔ እንግዲህ ስከበር የኖርኩት በዱቄት ጆንያና በሽንኩርት ክምር መሃል ተቀምጬ ነው። ፊት ባለው አዳራሽ ተቀምጣ የምትበላ ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም።

በከተማው ትምህርት ቤት ሴት አስተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ኖፓ በሚባል ገጠር ቡና ተክለው የሚኖሩ ሰው ስለሆኑ መቱ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ወንዶቹ አስተማሪዎች ምሳቸውን የሚበሉት ሙሴ ቤት ነው፤ ዳይሬክተሩም አብሯቸው ይበላል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ ለወጉ ያህል ነበር። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ፣ ማን ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ እንደሚላክ የሚቆረጠው እዚያ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ውሳኔውን የምሰማው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ፣ አፌ ፓስታ እንደጎረሰ ነበር።

አንድ ቀን እንደዚሁ እየበላሁ፣ የማስተምረውን አራተኛ ክፍል ገና አዲስ ለመጣ ወጣት ሲሰጡት ሰማሁ። እኔ ወደ ፊደል ቆጣሪዎቹ እንድወርድ ተወሰነ። «እሷ እንደሆነች ምንም አትልም» አለ አንዱ። ደሜ ፈላ። ሳህኔን አነሣሁ፣ መጋረጃውን ገለጥኩና ወጣሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። እትዬ እየተጣደፉ መጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ምንም፣ እትዬ። እዚያ ጨለማ ነው።»

«ሰው ያይሻል እኮ!»

«ይየኛ።»

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞርኩና፣ «አራተኛ ክፍልን አልለቅም» አልኩት። ሰውዬውን ውሃ ትን አለው። ሙሴ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ ነገሩን ካየ በኋላ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው፣ «እኔ አገር እናት ፊት ነው የሚቀመጥ» አለና ፎርማጆ ፈቀፈቀልኝ።

አራተኛ ክፍል አልተወሰደብኝም። ከዚያ ወዲያ ምሳዬን የምበላው መስኮቱ አጠገብ ሆነ። ወሬው ከገበያው ጨርቅ ነጋዴዎች ሱቅ ተነሥቶ፣ በገበያተኛ አፍ ተጭኖ፣ ኖፓ ደረሰ። አባቴ ሰው ላኩብኝ፤ ዳግመኛ እዚያ ቤት ከታየች ቅዳሜ መጥቼ ወደ ኖፓ እወስዳታለሁ፣ ማስተማሩም ይቅርባት የሚል ነበር መልእክቱ። ጣሊያኑን ጠልተውት አይደለም። በዱር በገደሉ የተዋጉት እሳቸው፣ ሙሴን ግን «እሱማ እንግዳ ነው» ይሉት ነበር። የከነከናቸው የእኔ መታየት ነው። መልእክቱን ላመጣችው ሴትዮ፣ «ቅዳሜ እዚያው ያገኙኛል በያቸው» አልኳት። ደፋሩ አፌ ብቻ ነበር። አባቴ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ መጡ። በቅሏቸውን ደጅ አስረው በበሩ ሲገቡ ስፓጌቲዬ ገና መቅረቡ ነበር። አስተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ እኔም ተነሣሁ።

«እንብላ፣ አባባ።»

«ብዪ» አሉኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ስትጨርሺ እንነጋገራለን።»

በእኛ ቤት ማዕድ ላይ ያለ ሰው አይቆጡትም። አገልጋይ ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ እጁ ምግብ ላይ እስካለ ድረስ ክፉ ቃል አይናገሩትም፤ የበላው መርዝ ይሆንበታል ይላሉ። አባቴ ደግሞ በዚህ ነገር ንቅንቅ አይሉም። ልጆች ሆነን ጥፋት ስናጠፋ ወደ መሶቡ የምንሮጠው ለዚህ ነበር። እንግዲህ ሳህኔ ባዶ እስኪሆን ድረስ አንደበታቸው ታስሯል ማለት ነው። እኔም ክር እንደሚፈትል ሰው እያንዳንዷን ስፓጌቲ እየመዘዝኩ መብላት ጀመርኩ። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ፣ ይጨመርልኝ» አልኩ።

እትዬ እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ስጎውን አንበሽብሸው አመጡልኝ። የሚበላ ሰው ፊት ተገትሮ ማየትም ነውር ነውና አባቴ ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ። ይብሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ያም አለቀና ሌላ አዘዝኩ። ሆዴ ሊፈነዳ ደርሷል። ሙሴ ግን ምግቡ የጣፈጠኝ መስሎት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በኩራት ፊቱ በርቷል።

«ኧረ ይብቃሽ» አሉ አባቴ። ቁጣ ሳይሆን ስጋት ነበር ድምፃቸው ውስጥ ያለው።

«አልጠገብኩም።»

«የት ልትከቺው ነው?»

«ካቆምኩ ይወስዱኛላ፣ አባባ» አልኩ። ሹካዬን ግን አላስቀመጥኩም። «መጋረጃ ውስጥ ስቀመጥ እነዚህ ሰዎች ክፍሌን ሊወስዱብኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ ሁሉንም ሊወስዱብኝ መጡ።»

አንገታቸውን የደፉት አስተማሪዎቹ ናቸው።

በዚህ መሃል ዝናቡ ወረደ። ገበያተኛው ሁሉ ሮጦ በረንዳው ላይ ተጠለለ፤ የሚያየው ነገር ሲያጣም በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያይ ጀመር። መስታወቱ በሰው ፊት ተሞላ። አንዷ በጣቷ እየጠቆመችኝ ለጓደኛዋ ታንሾካሹካለች። አባቴ ዞር ብለው አዩና ከወንበራቸው ተነሡ። አሁን አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን የለበሱትን ጋቢ አወለቁ፤ በሁለት እጃቸው ዘርግተው በእኔና በመስኮቱ መካከል ቆሙ። በእኛ ዘንድ የሚወዱት ሰው ሲበላ ከሰው ዓይን የሚጋርዱት እንዲህ ነው። በዚያ ብርድ በስስ እጀ ጠባብ ቀርተው ያዙት። እንባዬ መጣ። ወደድኳቸው፤ ተናደድኩባቸውም። ከአንዱ መጋረጃ ሸሽቼ ብወጣ ይኸው ሌላ መጋረጃ፣ ያውም ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው የያዘው።

«አባባ፣ ያውርዱት።»

«ያዩሻል።»

«ይዩኝ። ያውርዱት፣ እባክዎ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባቴ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ አስተማሪዎቹ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጋቢውን ቀስ ብለው መልሰው ለበሱት። አልተቀመጡም። እጃቸውን ዘርግተው አገጬን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉት።

«እንግዲያው ቀና ብለሽ ብዪ» አሉኝ። «አቀርቅረሽ የሰረቅሽ አስመሰልሽው።»