የአባቴን ኮፍያ ማስወለቅ

ጸጉሬ መሸሽ የጀመረው ከግንባሬ ግራና ቀኝ ነው። ጸጉር በአንድ ጊዜ አይረግፍም። መጀመሪያ ይሳሳል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ዘለላ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ሥሩ ከቆዳ በታች እያለ ከላይ የሚታይ ነገር ማብቀል ይተዋል። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስለማስተምር ይህን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት እችላለሁ። ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ግን ማስረዳት መቻሌ ምንም አልጠቀመኝም። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው አይተውታል። ስለ ዘር ውርስ እያስተማርኩ፣ የዓይን ቀለም ከማን እንደሚመጣ ሰሌዳ ላይ ስሥል፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። እንደ አገሩ ልማድ «ሜኔር»፣ ጌታው እንደማለት፣ ብለው ነው የሚጠሩኝ።

«ሜኔር፣ ራሰ በራነትስ ከማን ይወረሳል?»

«ከሁለቱም ወላጆች» አልኳት። «ብዙ ሰው ከእናት ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ስህተት ነው። የአባትም ድርሻ አለበት።»

«ያንተ ከማን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ «ተዪው» አላት። «እኛ ክፍል ስንደግም የእሱ ግንባር በየዓመቱ ያልፋል።»

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሲሾፍበት የማይስቅ መምህር ያንን ክፍል ዳግመኛ አያገኘውም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ፕሮጀክተሩ ሲበራ ወደ ጎን መሸሽ ጀመርኩ። በመምህራን ስብሰባ ላይ አምፖል ሥር ያለውን ወንበር ለሌላ ሰው እተዋለሁ። ጸጉሬን ወደ ፊት አበጥር ነበር፤ ይህን ያህል ንፋስ ባለበት አገር፣ በዚያ ላይ በብስክሌት፣ ይህ ዘዴ ከቤቴ እስከ ባቡር ጣቢያ እንኳን አያደርስም። የባሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገጠመኝ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአንድ ቃል በቀር የሰማሁት ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ዴን ሃግ ወዳለ አንድ የጸጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒክ ሄድኩ። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። የግንባርና የአናት ጸጉር ሥሮች አንድን የወንድ ሆርሞን አይችሉትም፤ ከጆሮና ከማጅራት በላይ ያሉት ግን ይችሉታል። ስለዚህ ሐኪሙ ከኋላ ያሉትን ሥሮች አንድ በአንድ ነቅሎ ከፊት ይተክላቸዋል። ቦታቸው ቢለወጥም ጠባያቸው አይለወጥም፤ ግንባር ላይም ሆነው እንደ ማጅራት ጸጉር ያድጋሉ። የተነቀሉበት ቦታ ግን መልሶ አያበቅልም።

አማካሪዋ ራሴን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ገና ልጅ ነህ። ችግሩ እሱ ነው።»

«ልጅ ስለሆንኩ እኮ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ከፊት ተክለንልህ በኋላ አናትህ ቢራቆት፣ ግንባርህ ላይ ብቻውን የቀረ ጸጉር ይዘህ ትዞራለህ። ያንን እንሙላ ብንል ደግሞ ከኋላ የምንወስደው አይተርፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ወዴት እያመራህ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። የእናትህ ወንድሞች እንዴት ናቸው?»

«ሙሉ ጸጉር አላቸው።»

«አባትህስ?»

«ኮፍያ ያደርጋሉ።»

«ቤት ውስጥም?»

«ቤታቸው ብዙ አልሄድም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባትህ እኮ ነው። አውልቅ በለውና እየው። ከዚያ ተመልሰህ ትነግረኛለህ።»

ለእሷ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አባቴ ወደዚህ አገር የተሰደዱት ከእኛ በፊት ነው። እኔና እናቴ እስክንከተላቸው ድረስ ደሴ፣ በእናታቸው ቤት ኖርን። እናቴ ሥራ ውላ ስለምትገባ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ ጸጉሬን በሚዶ እያበጠረች «ይህ የእኛ ዘር ጸጉር ነው» ትለኝ ነበር። እዚህ ከደረስን በኋላ አባቴ ብዙ ሳይቆዩ ሌላ ትዳር ይዘው ዴን ሃግ ገቡ። እኛ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር ቀረን፤ እስካሁንም ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እናቴን አንቺ እላታለሁ፤ አባቴን ግን እርስዎ ነው የምላቸው። እዚህ ያደጉ እኩዮቼ ታላላቆቻቸውን ሁሉ አንተ ሲሉ እየሰሙ ሰዎች ጨዋነቴን ያደንቃሉ። ጨዋነት አይደለም። አንተ የሚባል አባት አብሮ የኖረ ነው።

እናቴ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ነው የምትንከባከበው። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ጠየቅኳት።

«የአባቴ ጸጉር እንዴት ነው?»

«እኔ በሱ ጸጉር ምን አገባኝ?»

«ሐኪሙ ማወቅ ይፈልጋል።»

«ሲያገባኝ ጎፈሬ ነበረው፤ ማበጠሪያ ይሰበርበት ነበር። በኋላ ኮፍያ ማድረግ ጀመረ፤ ሌላ ሴትም ያዘ። የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም።»

«አትቀልጂ።»

«ማን ቀለደ? ደግሞ አንተ ራስህን ከምታሳርስ፣ ያለችህ ሳታልቅ ሚስት ብትፈልግ አይሻልም?» አለች። ጫማዋን አንስታ በቦታው አደረገች። «ሂድ፣ ጠይቀው። ብትሄድ ጥሩ ነው።»

ገረመኝ። ወደ አባቴ ቤት መሄዴን ጥሩ ነው ብላ አታውቅም። በማግስቱ ጠዋት ልወጣ ስል ደግሞ ጥቁሩን ካፖርቴን አውጥታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ይህን ልበስ። ይበርዳል።»

ዓርብ ስለነበር ከትምህርት ቤት በቀጥታ ባቡር ያዝኩ። ዴልፍትን እስክናልፍ የምጠይቃቸውን በቅደም ተከተል እያሰብኩ ነበር፤ መቼ እንደጀመራቸው፣ ከፊት ነው ወይስ ከአናት፣ የእሳቸው አባትስ እንዴት እንደነበሩ። አባቴ የሚኖሩት ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው አጠገብ ነው። ነጋዴዎቹ ሸራቸውን እያጠፉ ነበር፤ በተረጋገጠ ጎመንና በዓሣ በረዶ ላይ እየተራመድኩ አለፍኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስታቸው ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። አይቻለሁ፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቴ ከሶፋቸው ተነሱ። ለእኔ ተነስተው አያውቁም። እንደ ወትሮው ግራጫ ኮፍያቸውን አድርገዋል።

«መጣህልኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ዋናው መምጣትህ ነው።»

 እንደናፈቁኝ፣ እርጅና እንዳለዘባቸው አሰብኩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የመጣሁበትን ጉዳይ ጀመርኩ። ስለ ሆርሞኑ ነገርኳቸው፤ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ ራስ ሥዬ ከየት ተነቅሎ የት እንደሚተከል አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ጣቴን ያያሉ።

«እና አሁን» አሉ በመጨረሻ፣ «ኮፍያዬን እንዳወልቅልህ ነው የመጣኸው?»

«ለአንድ አፍታ ብቻ።»

ሚስታቸው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «ምንድን ነው የሚለው?» አለች። አባቴ ኮፍያውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ራሳቸው በቅርቡ የተላጨ ነው። ከጆሯቸው በላይና ከማጅራታቸው ነጭ ጸጉር ብቅ ብቅ ብሏል። ከግንባራቸው እስከ አናታቸው ግን ምንም የለም፤ ቆዳው እንደ ሳህን ያበራል። የፈለግሁትን መልስ በአንድ እይታ አገኘሁ።

«ከላይ ሙሉ በሙሉ ማለት ነው» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። «መቼ ጀመረዎት?»

«ባንተ ዕድሜ።»

«ታዲያ የቀረውን ለምን ተላጩት?»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ካፖርቴን አዩት።

«ለእናቴ ነዋ» አሉ። «አንተስ ጥቁር ለብሰህ የመጣኸው ለማን ነው?»

አያቴ ሞታ ነበር። ሞታ፣ ተቀብራ፣ ሣልስቷ ወጥቶ፣ አባቴም እዚህ ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ከሞተች ወዲህ ባሉት ሳምንታት ደሴ ደጋግሜ ደውያለሁ፤ አብራት የምትኖረው አክስቴ አንዴ «ጸበል ሄዳለች»፣ አንዴ «አሁን ጋደም አለች» ብላኛለች። ድምጿ ጎርነን ያለ ነበር። ጉንፋን መስሎኝ ማር በሎሚ እንድትጠጣ መክሬያታለሁ።

«እንዴት ሳልሰማ?» አልኳቸው።

«መጥተዋል እኮ» አሉ አባቴ። ሊከላከሉ የፈለጉ ይመስል እጃቸውን አነሱ። «ሽማግሌዎች ልኬ ነበር።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛው ራሱም አያረዳም። ሰዎች ተሰብስበው ሊነጋጋ ሲል በር ያንኳኳሉ፤ የሚረዳው ሰው ፈተና ወይም ሥራ ካለበት እስኪያልፍለት ይጠበቃል። የአባቴ ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ አክብረዋል። «አስተማሪ ነው፤ ከተማሪ ፊት ቆሞ እንዳይጎዳ የመጸው ዕረፍቱን እንጠብቅ» ተባባሉ። የአምስተርዳም ትምህርት ቤቶች መቼ እንደሚዘጉ ጠየቁ፤ በዚያው ሳምንት ገና ሳይነጋ ከዴን ሃግ ተነስተው በራችን ድረስ መጡ። ግን እዚህ አገር የትምህርት ቤት ዕረፍት እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። የምኖረው አምስተርዳም ቢሆንም የማስተምረው ሮተርዳም ነው፤ የእኔ ዕረፍት ያን ሳምንት አልነበረም። እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ። እናቴ የጠዋት ፈረቃ ገብታለች። ደወሉ፤ የሚከፍትላቸው አጡ፤ ተመለሱ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ እነሱም ሥራ አላቸው። ደጃፉ ድረስ ሄደናል አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

አባቴ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «ጥቁር ለብሰህ ስትገባ ሳይ፣ እናትህ ነግራሃለች ብዬ ነው» አሉ። ያልጠየቅኳቸውን ነበር የመለሱት።

ሚስታቸው አጠገቤ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እንባ አልመጣልኝም። እንደ ሳህን የሚያበራውን ራሳቸውን እያየሁ ነበር። አባቴ ለማጽናናት ፈልገው ይመስለኛል፣ «ማሽኑ እዚህ አለ፤ ከፈለግህ ልላጭህ» አሉኝ። ከዚያ ግንባሬን አይተው «ግን ሐኪሙ ይቆጣህ ይሆናል» አሉ። እየቀለዱብኝ አልነበረም። ያ ነው ያናደደኝ።

«አልላጭም» አልኳቸው። አብሮ የሚላጭ አብሮ የተረዳ ነው። ከዚያ ቤት ጸጉሬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

እናቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። አምፖሉን ሳላበራ ነው የጠየቅኳት።

«አውቀሽ ነበር?»

«ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ላርዳህ?» አለች። «የተፈታች ምራት! ደስ ብሏት ነገረችው እንዲሉኝ ነው? መርዶ የሟች ወገን ነው የሚያረዳው። እኔ ጥቁር አልብሼ ሰደድኩህ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ለአያቴ አልቅሳለች፤ ብቻዋን፣ ከእኔ ተደብቃ። እኔን ለማጽናናት ግን አልተጠጋችም፤ እኔም አልተጠጋኋትም። በዚያ ሰንበት እኛ ቤት ለቅሶ የደረሰ ሰው የለም። ሰዎቹ አንዴ መጥተው ተመልሰዋል፤ በእነሱ ዘንድ ጉዳዩ አልቋል። ሰኞ ስለ ዘር ውርስ የጀመርኩትን ትምህርት ጨረስኩ።

ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። አማካሪዋ ፎቶዎቼን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ የአባትህን ራስ አየህ?»

ባየሁት ላይ አንዳች የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። ከነገርኳት ሐኪሙ እንደማይተክልልኝ አውቃለሁ፤ አለመትከሉም ትክክል ነው። ተማሪ ቢጠይቀኝ እኔም እንደዚያ ነው የምመልሰው።

«አባቴን አላውቃቸውም» አልኳት።

ለአፍታ አየችኝ፤ ኮፍያቸውን እንኳን ማስወለቅ እስካልችል ድረስ የተራራቅን መስሏት ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀች። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው አለችኝ። የአባት ወገን ካልታወቀ ሐኪሙ የእኔን ራስ ብቻ አይቶ ይወስናል፤ ወደፊት የሚመጣው የእኔው ኃላፊነት ነው። ተስማማሁ። ሐኪሙ አይቶኝ እሺ ሲል ቀን ተያዘልኝ፤ ትምህርት ቤቴ በሚዘጋበት ሳምንት።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች አማካሪዋ ስታሰናብተኝ። «በዕለቱ ጠዋት ራስህን ሙሉ በሙሉ እንላጨዋለን። ካልተላጨ አይሠራም። ቤተሰቦችህ ድንገት አይተው እንዳይደነግጡ አስቀድመህ ንገራቸው።»

«እሺ» አልኳት። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ተላጭቼ ሲያዩኝ «በመጨረሻ ለአያቱ አዘነ» ይላሉ፤ እንደዚያ ቢሉም አላስተባብልም።